ላንካስተር ከድንች ማሳው በላይ

ስካርቢ፣ ሊንከንሻየር
ማርች 15 ቀን 1942 እ.ኤ.አ.

ለተወደድሽ የአጎቴ ልጅ ልጅ፣ ለሄስተር፤

ባሕር ቢለየንም ከሐሳቤ የማትርቂ ልጄ፣ ይህ ወረቀት በጤና ያግኝሽ። አንቺንም ባልሽን ኦሪንንም ጌታ ከክፉ ይሰውራችሁ። እኔና ፊቢ አለን። ብርዱ ጉልበቴን ቢይዘኝም እርሻውን አልተውኩም።

ስለ አያትሽ መቃብር ጠይቀሽኛል። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፊቢ በብሩሽ አጽድታዋለች። የላይኛው ማሳ ግን የለም። መንግሥት ወስዶ ሲሚንቶ አፈሰሰበት። ምን እንደተሠራበት አልጽፍልሽም፤ ይህን ወረቀት ከአንቺ በፊት መቀስ የያዘ ደብዳቤ መርማሪ ያነበዋልና። ስለ ፈረስና ስለ ጋሪ ብጽፍ ግን ማንም ቅር የሚለው አይመስለኝም።

ጎረቤቶቼ አምና ሁለት ፈረስ የሚጎትተው ግዙፍ ጋሪ አመጡ። ጋሪው ግሩም ነበር። ፈረሶቹ ግን በሽተኞች ነበሩ፤ ሳይታሰብ ትኩሳት ይይዛቸውና መንገድ ላይ ይወድቃሉ። የሚነዷቸው ልጆች እያደር አነሱ። ከእኛ ዘንድ እንቁላል ይገዛ የነበረ አንድ ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላው ልጅ፣ "ሚስተር ሊጄት፣ ከጠላት ይልቅ የሚያስፈራኝ የራሴ ፈረስ ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለእንቁላል አልመጣም።

ዘንድሮ ጋሪ ሠሪዎቹ ያንኑ ጋሪ መልሰው ወሰዱና ጎንና ጎኑን አስረዝመው አራት ጤነኛ ፈረስ ጠመዱበት። የመጀመሪያው የመጣ ዕለት የዘር ድንች እየለየሁ ነበር። አስቀድሞ ድምፁ መጣ። ድምፅ ብለው ያንሰዋል፤ በእግሬ ገብቶ በጥርሴ የወጣ ነገር ነው። ቀጥሎ ጥላው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። ዶሮዎቹ ተሯሩጠው ከጋሪው ሥር ገቡ፤ ይኼኛው የእኔ የእውነት ጋሪ ነው። እኔም ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

ፊቢ ደጃፍ ላይ ሆና አየችኝና፣ "ንጉሡ መጡ እንዴ?" አለችኝ።

"ማን እንደመጣ አላውቅም፤ ግን ከንጉሡ ይበልጣል" አልኳት።

ልጄ፣ በዕድሜዬ ብዙ ከባድ ነገር ተሸክሜያለሁ። ይህን ያህል የከበደ ነገር መሬት ሲለቅ ግን አላየሁም። አጥሬ ጋ እስኪደርስ ያመነታል፤ አይነሣም ብለሽ ተስፋ ስትቆርጪ ከዛፎቹ በላይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሌላ የምጽፍልሽ ወሬ ነበረኝ፤ ይህን ካየሁ በኋላ ጠፋብኝ።

እናትሽን ሳሚልኝ። ስለ ሥራሽ ጻፊልኝ።

አጎትሽ አምብሮዝ ሊጄት


ማልተን፣ ኦንታሪዮ
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1942

ለተከበሩ አጎቴ አምብሮዝ፤

ለእርስዎና ለአክስቴ ለፊቢ የሰማይ አባት ብርታቱን ይስጥልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እኛ በደህና አለን።

ደብዳቤዎን መቀስ አልነካውም። እናቴ አንብባ፣ "አምብሮዝ ከመቼ ወዲህ ነው የጋሪ ነገር የሚያስጨንቀው?" አለች። እኔ ግን ፈረሶቹ ሞተሮች መሆናቸው ገባኝ። አራት ፈረስ የጠመደው ጋሪዎ ውቅያኖስ ተሻግሮ ደጃችን መጥቷል። ስሙ በጋዜጣ ስለወጣ እጽፈዋለሁ፤ ላንካስተር ነው።

በጸደይ እዚህ ያለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ገባሁ። የምሠራው ክንፍ ላይ ነው። በአየር ግፊት የሚሠራ መዶሻ ይዤ አጫጭር ሚስማሮች እመታለሁ፤ ጓደኛዬ ሜልባ ደግሞ ቀጭን ስለሆነች ክንፉ ውስጥ ሾልካ ትገባና ከወዲያ በኩል ብረት ትደግፋለች። ቀኑን ሙሉ ድምጿን እሰማለሁ እንጂ ፊቷን አላየውም። ከእንግሊዝ የመጣው ንድፍ ክፍሉን ሞልቶ ኮሪደር ላይ ተርፏል። ሁላችንም ቁራጭ ቁራጭ እየሠራን ሙሉው ነገር ምን እንደሚመስል ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ላንካስተር ለናሙና ከእንግሊዝ በርሮ መጣልን። አለቃችን ሥራ አስቁሞ ወደ ውጭ አወጣን። ደመናው ዝቅ ብሎ ስለነበር መስማት እንጂ ማየት አልቻልንም። ድንገት ከደመናው ሥር ወጣ።

ሜልባ ክርኔን ይዛ፣ "ያ እኮ የእኛ ክንፍ ነው" አለችኝ።

"የእኛ አይደለም፤ የእንግሊዞቹ ነው።"

"ቆይ ብቻ፤ የእኛም ይመጣል" አለች።

ካቆሙት በኋላ ሥሩ ገብቼ ወደ ላይ አየሁ። በየቀኑ የምሠራት ቁራጭ የቷ እንደሆነች ፈልጌ አጣኋት። ከዚያ የሚስማሮቹን ረድፍ በመዳፌ ዳሰስኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት ባሕር ማዶ ቆማ መትታቸዋለች፤ አንዱም አልላላም። አጎቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንዲያ ያለ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም። ይህን ለፓስተራችን እንዳልናገር እናቴ አስጠንቅቃኛለች።

ኦሪን ወተት ማደሉን ትቶ አየር ኃይል ሊገባ ተመዝግቧል። አልከለከልኩትም። ስለ መቃብሩ ከእንግዲህ አልጠይቅዎትም፤ ስለ አውሮፕላኑ ይጻፉልኝ። የሜፕል ስኳር ልኬያለሁ።

አክባሪዎ ሄስተር


ማልተን
ኦገስት 9 ቀን 1943

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ። የገና ካርድዎ ደርሶናል፤ ደብዳቤ ግን አልመጣም። ያስቀየምኩዎ ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ባለፈው ዓርብ እኛ የሠራነው የመጀመሪያው ላንካስተር ከአዳራሹ ወጣ። ባንድ ነበር፣ ሹማምንት ነበሩ፤ ንግግሩን ማንም አልሰማውም። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ሲነሡ ሜልባ አለቀሰች። "ለምን ታለቅሻለሽ?" ብላት፣ "ክንፉ ውስጥ ስሜን በእርሳስ ጽፌያለሁ፤ እኔ ቶሮንቶን አልፌ አላውቅም፣ ስሜ ግን እየሄደ ነው" አለችኝ።

ኦሪን ሥልጠናውን ሊጨርስ ነው። ጅራት ላይ የሚቀመጥ ተኳሽ አድርገውታል። አጭር ስለሆነ ነው አሉት፤ እሱ ግን ዓይኔ ንጹሕ ስለሆነ ነው ይላል።

እርስዎ በየቀኑ ያዩዋቸዋል። ለምን ስለ እነሱ አይጽፉልኝም?

ሄስተር


ስካርቢ
ኖቬምበር 21 ቀን 1943

ለተወደድሽ ሄስተር፤

ጌታ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ። አላስቀየምሽኝም። ዝም ያልኩት የምጽፈው ነገር ካሰብኩት አልፎ እንዳይወጣብኝ ፈርቼ ነው። አንቺ ካልጠየቅሽኝ ዝም እል ነበር። ጠየቅሽኝ፤ መቀሱ የፈለገውን ይቁረጥ።

ባለፈው ጦርነት፣ በ1918፣ ተማርኬ እንደነበር አባትሽ ነግሮሽ ይሆናል። የታሰርኩት እስር ቤት አልነበረም። ካስል ከምትባል የጀርመን ከተማ አጠገብ ለአንዲት ሴት እርሻ እንድሠራ ተሰጠሁ። ሌነ ትባላለች። ባሏ በጦርነቱ ሞቷል፤ ማን እንደገደለው እሷም እኔም አልተነጋገርንበትም። የመጀመሪያው ቀን ከከብቶቹ ጋር ልበላ ጎድጓዳ ሳህኔን ይዤ ስወጣ፣ "የሚሠራ ሰው ገበታ ላይ ይቀመጣል" አለችኝ። ድንች በመስመር አተካከል ያስተማረችኝ እሷ ናት። ዛሬም እንደዚያው ነው የምተክለው።

ባለፈው ወር ሬዲዮ የካስልን ስም ጠራ። እንዴት እንደነደደች ተናገረ። በዋዜማው ማታ ከማሳዬ በላይ ሲሄዱ አይቻቸው ነበር፤ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ ሰማዩ እስኪጠብ። ሄስተር፣ ያን ሳይ አሁንም ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። የሰው እጅ ይህን ሠራ እላለሁ። ወዴት እንደሚሄዱ ሳስብ ግን መልሼ እደፋዋለሁ። ሌነ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አላውቅም።

ለፊቢ ነገርኳት። "ለልጅቷ አትጻፍላት፤ ሥራዋን ታስጠላታለህ" አለችኝ። እኔ ግን አንቺን እንደ ሕፃን ማየት አልፈለግሁም። ሂትለር መቆም አለበት፤ ይህን ከማንም በላይ አምናለሁ። ግን ስለ አውሮፕላኖቹ ንገረኝ ስትዪኝ፣ ግማሹን ብቻ ብነግርሽ መዋሸት መሰለኝ።

አጎትሽ አምብሮዝ


ማልተን
ጃንዋሪ 30 ቀን 1944

ለተከበሩ አጎቴ፤

አዲሱ ዓመት ለሁላችንም ምሕረት ይዞ ይግባ። ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ለሜልባ አላነበብኩላትም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ መዶሻው ከበደኝ። ሳልመታ ቆሜ ቀርቼ ሜልባ ክንፉ ውስጥ ሆና "ሄስተር፣ አለሽ?" ስትል ነው የነቃሁት። አለሁ ብያት መምታት ቀጠልኩ። ኦሪን የሚቀመጥበት ቢሆን፣ የላላ ሚስማር ይዞ እንዲሄድ አልፈልግም። ስለ ሌነ ያሉትም ከልቤ አልወጣም። ሁለቱን አስታርቂ ቢሉኝ አልችልም።

ኦሪን በመርከብ ወደ እናንተ መጥቷል። የተመደበበትን አይነግሩኝም፤ ሊንከንሻየር ከሆነ ግን አድራሻዎ በኪሱ ነው። ብዙ ይበላል፤ አይሽኮረመምም። አደራዎን፣ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ስለ አውሮፕላኑ መጻፍ አያስፈልግም።

ሄስተር


ስካርቢ
ጁላይ 16 ቀን 1944

ለተወደድሽ ሄስተር፤

የደስታ ወሬ ነውና ሰላምታዬን አሳጥራለሁ። ኦሪን ከአጥሬ ማዶ ነው። ከዚህ ሁሉ የአየር ማረፊያ እዚህ መመደቡን ፊቢ የጸሎቷ ዋጋ አድርጋ ይዛዋለች።

ተረኛ ባልሆነ ጊዜ ሁሉ ይመጣል። ድንች ሲቆፍር ጎንበስ ብሎ እያፏጨ ነው። ፊቢ በሊጥ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ አቀረበችለትና፣ "ልጄ፣ ሚስትህ ትበላለህ ብላ ጽፋለች እንጂ ታወድማለህ አላለችም" አለችው። "ወይዘሮ ሊጄት፣ እሷ ስሜን ለመጠበቅ ብላ ነው" አላት። አሁን ልጇ ሆኗል፤ እኔንም ረስታኛለች።

አንድ ጠዋት፣ በዋዜማው ማታ የወጡት ሲመለሱ የኦሪን አውሮፕላን ቀርቶ ነበር። አጥሩ ጋ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ላንካስተር ብቻውን መጣ። ከአራቱ ሞተር አንዱ ቆሟል፤ ሌላው ያጨሳል። ጎኑ ተቀዶ በውስጡ ሰማይ ይታያል። እንዲያ ሆኖ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመ ላም፣ ዝቅ ብሎ አረፈ። ከጅራቱ የወረደው አጭር ሰው ኦሪን ነበር። ከሰዓት በኋላ መጥቶ እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ።

"ሚስተር ሊጄት፣ በዚህ ሁሉ ቀዳዳ መብረር አልነበረባትም" አለኝ በመጨረሻ። "አብራሪያችንም እንደዚያ ነው የሚለው። ግን በረረች።"

"ካናዳ የተሠራች ናት?"

"አይደለችም። ግን ለሄስተር እንደዚያ ናት ብለው ይጻፉላት።"

አይደለችም ብዬ ጻፍኩልሽ፤ ብትሆን ግን ትኮሪባት ነበር። ጅራቱ ላይ ብርድ የለም ብዬ እንድጽፍልሽም አዞኛል። ስለዚህ ብርድ የለም።

አጎትሽ


ማልተን
ዲሴምበር 10 ቀን 1944

ለተከበሩ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን።

ቴሌግራም መጥቷል። ኦሪን በኖቬምበር ከዘመቻ አልተመለሰም፣ የት እንዳለ አይታወቅም ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ከእርስዎም አንድ ቃል የለም። እርስዎ አጥሩ ጋ ነበሩ። ያዩትን ይጻፉልኝ፤ ምንም ይሁን።

ሄስተር


ስካርቢ
ጃንዋሪ 7 ቀን 1945

ልጄ ሄስተር፤

የሚያጽናና እሱ ራሱ ያጽናሽ። ብዙ ጊዜ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ። ፊቢ፣ "የምታውቀውን ጻፍላት፤ የማታውቀውን ተወው" አለችኝ። የማውቀው ይህ ነው።

በወጣበት ዕለት ከሰዓት በኋላ መጥቶ ካልሲ ሊለውጥ ጫማውን አወለቀ። ፊቢ እርጥቡን ተቀብላ ደረቅ ሰጠችው። ስለ ወተት ጋሪው ፈረስ ተረከልን፤ ባለቤቱ ሳይነዳው በየደጁ እንዴት እንደሚቆም። ሊመሽ ሲል አጥሩ ጋ ወጣሁ። የእሱ አውሮፕላን ሲያልፍ ጅራቱ ላይ ባለው የመስተዋት ጎጆ ውስጥ አየሁት፤ እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁ። ተነሥተው እስኪጠፉ ቆምኩ። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ነዳጅ፣ በውስጡም ፊቢ የሰጠችው ካልሲ።

ጠዋት የእሱ ማቆሚያ ባዶ ነበር። የሌላ አውሮፕላን ሠራተኛ ሆላንድ ላይ ተመትቶ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ሰዎቹ የወረዱበትን ጃንጥላ ግን ከሩቅ መቁጠር አልቻልኩም አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም የሚያውቅ የለም። ሞቷል ብዬ አልጽፍልሽም። አለ ብዬም አልጽፍም። እርጥቡን ካልሲ ፊቢ አጥባ ጠግናዋለች።

አምብሮዝ


ስካርቢ
ሜይ 20 ቀን 1945

ለተወደድሽ ሄስተር፤

ቴሌግራሙ እንደደረሰሽ አውቃለሁ፤ ኦሪን ሲልከው ፖስታ ቤት አብሬው ነበርኩ። ስሙ ይመስገን እያልኩ እደግማለሁ፤ ሌላ ቃል አላገኘሁም። ኦሪን አሁን ፎቅ ላይ ተኝቷል። ከስቷል፤ ሌላ የጎደለ ነገር የለውም።

አሁን መቀስ የያዘው ሰው ስለማያስጨንቀኝ ሁሉንም ልንገርሽ። በኤፕሪል መጨረሻ እሑድ ድንች ይዤ ወደ ማረፊያው ወጥ ቤት ስገባ የላንካስተሮቹ ሆድ ተከፍቶ ነበር። ቦምብ በሚሰቀልበት ቦታ ጆንያ እየሰቀሉ ነው። ዱቄት፣ የደረቀ እንቁላል፣ ሻይ፣ ቸኮሌት። ቦምብ መስቀል የለመደ አንድ ሳጂን በገመድ እየታገለ፣ "ሦስት ዓመት ሙሉ ሰቀልኩ፤ እንዳይፈስ ብዬ የተጨነቅኩት ዛሬ ነው" አለኝ። ምዕራብ ሆላንድ ገና በጀርመኖች እጅ ነበር፤ ሕዝቡ በረሃብ እየረገፈ ነው። በጠራራ ፀሐይ ተነሡ፣ እንደ ድሮው አንዱ ሌላውን እየተከተለ። ፊቢም አጥሩ ጋ ቆማ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ አበቃ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደጁ ተንኳኳ። ፊቢ ከፈተችና፣ "አምብሮዝ፣ ልጁ መጣ" አለች፤ ከዚያ ተቀመጠች።

የነገረን ይህ ነው። በጃንጥላ ወርዶ ቦይ ውስጥ ገባ። አንዲት የጀልባ ነጂ ባልቴት አውጥታ ሮተርዳም እህቷ ቤት ጣሪያ ሥር ሸሸገችው። ክረምቱን የአበባ ሥር ቀቅለው በሉ። ባልቴቷ ለእሱ እየሰጠች በልቻለሁ ትል ነበር። መጨረሻ ላይ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። ያን እሑድ ድምፁ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ምድር ቤት ሮጠ።

"እኔ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ" አለን ኦሪን። "ጣሪያውን ከፍቼ ወጣሁ። ሚስተር ሊጄት፣ ያን ያህል በረራ በርሬባት ከሥር አይቻት አላውቅም ነበር። ከቤቶቹ በላይ ትንሽ ከፍ ብላ መጣች። ሆዷ ተከፈተ። የሚወርደውን ሳይ ቦምብ መሰለኝ፤ ከልማድ ነው። ከዚያ ጆንያ መሆኑን አየሁ። ሰው ሁሉ ከምድር ቤት ወጥቶ አንሶላ እያውለበለበ፣ ጀርመን ወታደሮች ቆመው እያዩ። ባልቴቷን ተሸክሜ ጣሪያው ላይ አወጣኋት። 'እነዚህ ናቸው አንተ የመጣህባቸው?' አለችኝ። 'አዎ' አልኳት። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።"

ወደ ጀርመን ፖስታ ገና አልተከፈተም። ሲከፈት ለሌነ እጽፋለሁ። ትመልስልኝ እንደሆነ አላውቅም።

አጎትሽ አምብሮዝ


ማልተን
ጁላይ 29 ቀን 1945

ለተከበሩ አጎቴ አምብሮዝና ለተወደዱ አክስቴ ፊቢ፤

ባሌን ለመገበው እጃችሁ ዋጋውን እግዚአብሔር ይክፈል፤ እኔ አልችልም። ኦሪን ገብቷል። የወተት ፈረሱ አውቆታል፤ እናቴ ግን በክሳቱ ምክንያት ለአፍታ አላወቀችውም።

ለሌነ ሲጽፉ ስሜን ይጨምሩልኝ። ምን ሥራ እሠራ እንደነበርም አይደብቋት።

ከእናንተ ዘንድ ተነሥተው ውቅያኖሱን ተሻግረው የተመለሱ ላንካስተሮች ፋብሪካችን ሜዳ ላይ ቆመዋል። እኛ የሠራናቸው ናቸው። ሲሄዱ ያብረቀርቁ ነበር፤ አሁን ጥቀርሻና መጣፊያ ናቸው። ሜልባ በየክንፉ ሥር እየዞረች ስሟ ያለበትን ትፈልጋለች፤ አላገኘችውም። ያልተመለሱት ከተመለሱት ይበዛሉ ብዬ ልነግራት አልቻልኩም፤ እሷም ታውቃለች።

ኦሪን ልያቸው አለኝ። ወሰድኩት። ብዙ ጊዜ ከሩቅ ቆመ። ከዚያ አንዷን መረጠና በጎኗ በር አስገባኝ። አጎቴ፣ ስንቱን ክንፍ መትቼ በሙሉ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ጠባብ ነው፤ ጎንበስ ብዬ፣ በኋላም በእንብርክክ ወደ ጅራቱ ሄድኩ። መጨረሻው ላይ የኦሪን ዓይነት ቦታ አለ፤ ከመትረየሶቹ መሐል አንድ ሰው የሚበቃው የመስተዋት ጎጆ። "ግቢበት" አለኝ። ገባሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋው።

ከአውሮፕላኑ ምንም አይታይም። ክንፉ የለም፣ ሞተሩ የለም፣ ሌላ ሰው የለም። ከፊቴ ሜዳውና ሰማዩ ብቻ ነበር። እዚህ ውስጥ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጨለማ፣ ብቻውን ተቀምጦ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ትንፋሼ መስተዋቱን አደበዘዘው።

"ምን ይታይሻል?" አለኝ ከበሩ ወዲያ።

"ያለፍንበት ብቻ" አልኩት።

"አዎ" አለ። "ወዴት እንደምንሄድ አይቼ አላውቅም።"

ከዚያ በሩን ከፈተና እጁን ሰጠኝ።

ልጃችሁ ሄስተር